ከራሳችን በላይ ያስቀመጥነው ዕቃ

ይህ ሚያዝያ 20 ባሕር ዳር ውስጥ ለነጋዴዎችና ለሱቅ ሠራተኞች የተናገርኩት ነው። ቀኑ በዓለም ዙሪያ የሥራ ላይ ደህንነትና ጤና ቀን ተብሎ ይታሰባል። ያልመጣችሁ ሰዎች "ጽፈሽ ላኪልን" ስላላችሁኝ እንደተናገርኩት አድርጌ ጻፍኩት። አዳራሹ ውስጥ የተጠየቅሁትንና ከንግግሩ በኋላ የሆነውንም ጨምሬበታለሁ።

እንደምን አመሻችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ጠዋት ሱቃችሁን ስትከፍቱ፣ ገና ደንበኛ ሳይገባ፣ መሃል ላይ ቁሙና ቀና በሉ። እኛ ነጋዴዎች ወደ ላይ ማየት ትተናል። ዓይናችን የለመደው መሳቢያውን፣ ሚዛኑን፣ በሩን ነው። ከራሳችን በላይ ያለው ዕቃ ትዝ የሚለን ደንበኛ ሲጠይቀው ብቻ ነው።

እኔ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የምግብ ሸቀጥ በጅምላና በችርቻሮ እሸጣለሁ። 17 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ስለ ትርፍና ኪሳራ አላወራም። ሱቄ ውስጥ ስለተጎዳ አንድ ልጅ ነው የማወራው፤ ፈቅዶልኛል፣ ስሙን ግን አልጠራም።

ከ4 ዓመት በፊት ነው፣ ሰሙነ ሕማማት። ዘይት በጣም የሚፈለግበት ሳምንት። ለፋሲካ ብዬ ከወትሮው እጥፍ ዕቃ አስገብቻለሁ። መጋዘኑ ሞላ። የተረፈውን ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያው አናት ጀምሮ እስከ ኮርኒሱ አስደረደርኩት። ባለ 5 ሊትር ዘይት፣ በአንድ ካርቶን 4 ጀሪካን። አንዱ ጀሪካን ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል፣ ካርቶኑ እንግዲህ ወደ 20 ኪሎ ማለት ነው።

ልጁ ከአዴት በኩል የመጣ ነው፣ ያኔ 19 ዓመቱ። ቀን እኔ ጋ ይሠራል፣ ማታ ይማራል። አንዲት ደንበኛ 2 ጀሪካን ፈለገች። "እትዬ፣ ከላይ ላውርድ?" አለኝ። "ቶሎ በል" አልኩት። ይቺን ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። በርጩማ ላይ ወጣ፣ እጁን ዘርግቶ ካርቶኑን ወደ ራሱ ሲስበው ታቹ ተቀደደ። አንዱን ጀሪካን በደረቱ ያዘው። ሌላው ራሱ ላይ አረፈ።

ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ራሱ ተነሣ። "ምንም አልሆንኩም እትዬ" አለ። ደም የለም፣ ከጆሮው በላይ ትንሽ እብጠት ብቻ። ውኃ ሰጠሁት፣ ጓዳ ገብተህ አረፍ በል አልኩት፣ ወደ ደንበኞቼ ተመለስኩ። ሱቁ ጢም ብሎ ነበር። ከ2 ሰዓት በኋላ ስገባ ማዳበሪያ ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ አስታውኳል፣ ብጠራው ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል፣ የሚመልስልኝ ቃል ግን የለም።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ራስ ቅሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር፣ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ራስ ምታቱ ለወራት አልለቀቀውም፣ ትምህርቱን አንድ ዓመት አቋረጠ፣ በግራ ጆሮው እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም።

እናቱ ከአዴት መጡ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሳገኛቸው ምን አልኩ መሰላችሁ? "ተጣድፎ ነው" አልኩ። "ልቡ ሌላ ቦታ ነበር" አልኩ። እናቱ ምንም አልመለሱልኝም፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ያቺን በርጩማ ጎትቼ ልጁ የቆመበት ቦታ ወጣሁ። እጄን ዘረጋሁ። ካርቶኖቹ ከግንባሬ በላይ ናቸው፤ ታቻቸው አይታየኝም። አንዱን በጣቴ ጫን ስለው ረጠብ ብሎ ገባ። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቶሎ በል ያልኩትም እኔ ነኝ። የተጣደፈው ልጁ ከሆነ፣ ያጣደፈው ማን ነው?

ዛሬ ማታ እዚህ የቆምኩት ይህን ልናገር ነው። ከላይ የሚወድቅ ዕቃ የሚወድቀው በተቀመጠበት ምክንያት ነው፤ የሚያስቀምጠው ደግሞ የሱቁ ባለቤት ውሳኔ ነው። "ዕድሉ ነው"፣ "ቀኑ ጥሎት ነው" እያልን የምንሸኘው ነገር አብዛኛው ከጠዋቱ የሚታይ ነው።

(እዚህ ጋ ይዤ የሄድኩትን ቅል አወጣሁ። ከገበያ የገዛሁት፣ ደረቅና ጠንካራ ቅል። አንድ ልጅ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይዞ መሰላል ላይ ወጣ፣ ሰውን ሁሉ ወደ ኋላ አደረግን፣ ልጁ ለቀቀው። ቅሉ ለሁለት ተከፈለ። አዳራሹ ዝም አለ።)

ራስ ቅል የምንለው በከንቱ አይደለም። የሰው ራስ ከዚህ ቅል ይጠነክራል፣ አውቃለሁ። ውስጡ ያለው ግን ከቅሉ ፍሬ ይበልጥ ይሳሳል። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። መደርደሪያው 3 ሜትር ይሁን። ከሥሩ የቆመው ሰው 1 ሜትር ከ60 ይሁን። ዕቃው ከመደርደሪያው ተነሥቶ ራሱ ላይ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል። ግማሽ! ሲደርስ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል፣ እዚህ ከተማችን ውስጥ ብስክሌት በደንብ ሲጋለብ የሚሄደው ማለት ነው። ሰው ድምፅ ሰምቶ ሰውነቱን ለማንቀሳቀስ ብቻ የዚያን ጊዜ እኩሌታ ያህል ያልፍበታል። ደግሞ ድምፅ ስንሰማ ምን እናደርጋለን? ቀና እንላለን። ፊታችንን እንሰጠዋለን። ስለዚህ "ተጠንቀቅ" ማለት ብቻውን አይሠራም፤ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ የሚጠነቀቅ ሰው የለም። ጥንቃቄው ዕቃው ሲቀመጥ ካልተደረገ ሲወድቅ አይደረስበትም።

ከፍታው እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበትም እጥፍ ይሆናል፣ ክብደቱ እጥፍ ሲሆንም እንደዚሁ። ከዚህ በላይ ፊዚክስ አልናገርም፣ እዚህ አስተማሪዎች ተቀምጠዋል።

አሁን ለምን እንደሚወድቅ ልንገራችሁ፤ ከዚያ አደጋ በኋላ የብዙ ሰው ሱቅ እየገባሁ ስመለከት ያየሁት ነው።

አንደኛው የእኛው አገር ነገር ነው፣ እርጥበት። ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ነው የተቀመጠችው። ዝናቡ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርድብናል። ካርቶን ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበት የጠጣ ካርቶን የድሮውን ጭነት አይችልም። በጥር 6 ድርብ የተሸከመ ካርቶን በነሐሴ 4ቱንም ላይችል ይችላል። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ የሚጎብጠው የታችኛው ነው፤ ማዕዘኑ ይደቅቃል፣ አንድ ጎን ዝቅ ይላል፣ ክምሩ ሰው እንደደገፈው ሁሉ ዘንበል ይላል። "እኔ ያስገባሁት በጋ ነው" የሚል አለ፤ የእኔ ዘይትም በክረምት አልገባም። ግድግዳው ግን ከበስተጀርባ ያንጠባጥብ ነበር፣ የቧንቧ ውኃ።

ሁለተኛው ኪራይ ነው። ቤት በካሬ ሜትር እንከራያለን። ወለሉን እንከፍላለን፣ ወደ ላይ ያለው ነጻ ነው። ነጻ የሆነ ቦታ ማን ይተዋል? ግድግዳው ላይ እንወጣለን። ዓይን የሚገባው ቦታ ላይ ቶሎ የሚሸጠውን ብስኩት፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና እንደረድራለን፤ የከበደው ወደ ላይ ይሰደዳል። እኔ ዘይቱን ላይ የሰቀልኩት ለዚህ ነበር። ከዓይን አርቄ ከራስ ላይ ሰቀልኩት።

እህልና ሩዝ የምትሸጡ ደግሞ የእናንተ ችግር ሌላ ነው። ከወረታ የሚመጣው የፎገራ ሩዝ በ50 እና በ100 ኪሎ ማዳበሪያ ነው። ትደራርቡታላችሁ፣ ጥሩ። ግን አይጥ የታችኛውን ማዳበሪያ ትቦረቡራለች። እህሉ ቀስ እያለ ይፈስሳል፣ ማዳበሪያው ይጎድላል፣ የላይኞቹ ወደ ጎደለው ጎን ይጋደማሉ። ሌሊት ማንም ሳይነካው ሊወርድ ይችላል። ወለል ላይ ያገኛችሁትን እፍኝ ሩዝ ከመጥረጋችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ቀና ብላችሁ እዩ። ደግሞም ማዳበሪያ እንደ ጡብ ግንብ እየተጠላለፈ ነው የሚደረደረው፤ አንዱን ድርብ በርዝመት፣ ቀጣዩን በአግድም። እኛ ጋ ግን ጫኝና አውራጆቹ ቸኩለዋል፣ መኪናው ደጅ ቆሟል፣ ሁሉንም አንድ አቅጣጫ ይከምሩታል፣ ብቻውን የቆመ ዓምድ ይሆናል። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ቀርቦ ያገኙትን ከፊት ከፊት ያወጣሉ። ከላይ መጀመር አድካሚ ነዋ።

የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላችሁ፣ የእናንተን ሳየው ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል። ቆርቆሮ፣ ሴራሚክ፣ መስታወት፣ የፒቪሲ ቱቦ፣ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ትንሽ ሲነካ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ብዙ ሆኖ የቆመ ሲሆን ደግሞ አንዱን ለማየት ሌሎቹን ወደ ራስ ጎትቶ ማስደገፍ የተለመደ ነው፣ ያኔ ክብደቱ በሙሉ ሰውየው ደረት ላይ ይመጣል። የቀለም ጋሎን ከላይ ትሰቅላላችሁ፣ በጣም ይከብዳል፣ ጠርዙም ቆርቆሮ ነው።

ሱፐርማርኬት ያላችሁ፣ ጀርባ ለጀርባ የቆሙ መደርደሪያዎቻችሁን ተመልከቱ። በዚህ በኩል ያለው ሠራተኛ ዕቃ ለማስገባት ሲገፋ በወዲያ በኩል ይወርዳል። ወዲያ ያለው ደንበኛ ነው። እናት ናት፣ ልጅ ይዛለች። ልጅ ደግሞ መደርደሪያ እንደ መሰላል ይወጣል፣ ሁላችንም ልጅ ሆነን አድርገነዋል። ግድግዳ ላይ በብሎን ያልታሰረ መደርደሪያ ከነዕቃው ልጁ ላይ ይመጣል። በያጁ መደርደሪያውን ሠርቶ አምጥቶ ያቆመዋል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል፤ የሚያስረው የለም። ቺፕውድ የሆነውማ በራሱ ጊዜ ይጎብጣል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ በስልክ ብርሃን ከላይ የምናወርድ ስንቶቻችን ነን? አንድ እጅ ስልክ፣ አንድ እጅ ካርቶን።

እዚህ ላይ ስደርስ ከኋላ አንድ አባት ተነሡ፣ ብዙ ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ሁሉንም በእኛ ላይ አታድርጊው። መሰላል ገዝቼ እያለ በርጩማ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ አለኝ። ያ ሲወድቅ የእኔ ጥፋት ነው?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፣ ብዙ ሰውም ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ አልኳቸው።

አባቴ፣ ጥፋት የማን ነው የሚለውን ሕጉ ራሱ አስቀድሞ ቆርጦታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ሰክሮ ሥራ ከገባ፣ ወይም አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ሌላ ነገር ነው። በግልጽ የሰጠውን! እስቲ እንጠያየቅ። በርጩማ ላይ እንዳትወጣ ብላችሁ በግልጽ የነገራችሁ እጃችሁን አውጡ። (ከመቶ ከሚበልጥ ሰው 6 እጅ ወጣ።) መሰላል መግዛት መመሪያ መስጠት አይደለም። መሰላሉ ጓዳ ከ3 ማዳበሪያ ጀርባ ከሆነና እኛ "ቶሎ በል" የምንል ከሆነ፣ በርጩማውን የመረጥንለት እኛ ነን።

አባቴ ቆይተው "መሰላሉስ ጓዳ ነው" አሉ። አላፈርኩባቸውም፤ የእኔም ጓዳ ነበር።

ሕጉን አንዳንዶቻችሁ የፋብሪካ ብቻ ይመስላችኋል። የእኛም ነው። የጽሑፍ ውል የለንም የምትሉ፣ የቃልም ውል ውል ነው፤ እንዲያውም በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ይህን የምለው ሱቃችን ውስጥ ዕቃ የሚያወርዱት ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጡ ልጆች ስለሆኑ ነው፤ ምግብና መኝታ አግኝተው ደስ ያላቸው፣ "ከባድ ነው" ማለት የሚያፍሩ ልጆች።

ከተጎዳ ደግሞ ሕክምናው በአሠሪው ነው። ሥራ መሥራት ካልቻለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛል። ጨርሶ መሥራት የማይችል ሆኖ ከቀረ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ይከፈለዋል፣ ጉዳቱ ከዚያ ካነሰ በዚያው ልክ ይሰላል። አደጋውን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። የልጁን ሕክምና የከፈልኩት ጥሩ ሰው ለመባል መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳነብ ዕዳዬ ነበር። ሠራተኞች ይህን ስሙ፣ ስትጎዱ የሚሰጣችሁ ምጽዋት አይደለም።

ደንበኛ ላይ ወይም መንገደኛ ላይ ቢወድቅስ? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሰው ለጎዳ ዕቃ ቤቱን የያዘውን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ፎቅ ላይ ሱቅ ያላችሁ፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ ባዶ ሣጥን የምትከምሩ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ በሽቦ ያሰራችሁ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

ሌላ አገርም ቢሆን በጸሎት አልተውትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው የከፍታ ሥራ ደንብ የሰውን መውደቅ ብቻ አይደለም የሚመለከተው፣ ዕቃ ሰው ላይ እንዳይወድቅ መከላከልንም ግዴታ አድርጓል። አሜሪካም የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቷ፣ ኦሻ የሚሉት፣ ተደራርቦ የሚቀመጥ ከረጢትና ሣጥን እንዳይንሸራተትና እንዳይናድ ተጠላልፎ፣ ተደግፎ፣ ቁመቱም ተወስኖ ይቀመጥ ይላል። ተጠላልፎ! የእኛ አገር ግንበኛ ጡብ ላይ የሚያውቀው ነገር ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ልጁ ሆስፒታል እያለ ሱቁን 2 ቀን ዘጋሁ። ፋሲካ ሊደርስ ሲል ሱቅ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁሉንም አወረድን። ባለ 20 ሊትሩ ዘይት ወለል ላይ፣ ከእንጨት ርብራብ ላይ ተቀመጠ፣ እርጥበቱም እንዳይነካው። ባለ 5ቱ ከወገብ በታች። ዱቄትና ስኳር ከጉልበት እስከ ደረት ባለው ቦታ። ከራስ በላይ የቀረው ሶፍት፣ ዳይፐር፣ የፕላስቲክ ኩባያ ብቻ ነው። ኪሎ አልመዝንም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፣ ይህ ዕቃ የ3 ዓመት ሕፃን ላይ ቢወድቅ ሕፃኑ አልቅሶ ይተወዋል ወይስ ሆስፒታል እንሄዳለን? ሁለተኛው ከሆነ ይወርዳል።

በያጁን ጠርቼ መደርደሪያዎቹን በሙሉ በፊሸርና በብሎን ግድግዳው ላይ አሳሰርኩ። በላይኛው ጠርዝ ፊት ለፊት 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ብረት አስበየድኩ፣ ዕቃ ተንሸራትቶ እንዳይመጣ። ለሁሉም የከፈልኩት ያኔ የአንድ ካርቶን ዘይት ዋጋ አይሞላም። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም መስመር አስምሬ ከዚህ በላይ አይደረደርም አልኩ። ባለ ሁለት እግሩ መሰላል ከጓዳ ወጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ፣ በርጩማውን ለሰፈር ቡና ቤት ሰጠሁት። ዕቃ የምንሰቅለውና የምናወርደው ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ነው። ቀን ግድ ከሆነ ሁለት ሆነን ነው፣ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ መሰላሉን ይይዛል፣ ደንበኛ ከሥሩ አይቆምም። "ቶሎ በል" የሚለው ቃል መሰላል ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ይህን ደንበኞቼም ለምደውታል፤ "እትዬ፣ ይውረድና እንነጋገራለን" ይሉኛል።

ዕቃ ቀነሰብሽ ወይ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ቀነሰ። በአንድ ጊዜ የማስገባው አነሰ፣ ጫኝ መኪና የምጠራው በዛ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገውን ልናገር። ዕቃ ሰው ራስ ላይ ከወደቀ በኋላ ያሉት ሰዓታት። የእኔ ትልቁ ስሕተት ጀሪካኑ አልነበረም፣ 2 ሰዓቱ ነበር።

ራሱን የተመታ ሰው ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል። ሊያወራችሁ፣ ሊስቅ ይችላል። ሐኪሙ ያስረዳኝ እንዲህ ነው፤ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ያለ የደም ሥር ሲበጠስ ደሙ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፣ መጀመሪያ ቦታ ስላለው ሰውየው ደህና ይመስላል፣ ቦታው ሲሞላ ግን አንጎሉን ይጫነዋል። ይህ በደቂቃዎችም በሰዓታትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ምንም አልሆንኩም" ሲላችሁ አትመኑት፤ ውሸቱን አይደለም፣ እሱም አያውቅም። ብቻውን ጓዳ ገብቶ እንዲተኛ አታድርጉ። ቢያንስ ለ24 ሰዓት አጠገቡ ሰው ይኑር። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ደጋግሞ ማስታወክ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ግራ መጋባት፣ ያሉትን ነገር ደጋግሞ መጠየቅ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ እጅ ወይም እግር መዛል፣ መንቀጥቀጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም እንደ ውኃ ንጹሕ ፈሳሽ መምጣት፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ሱቁን ዝጉና ሩጡ። ራሱን ለአፍታ እንኳ ከሳተም በቀጥታ ሐኪም ይየው። እዚህ ከተማ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም የሚባሉ ሆስፒታሎች አሉልን፣ ሐይቁ ላይ ዘጌ ወይም ደቅ ደሴት ከተጎዳ ሰው እኛ በጣም ቅርብ ነን።

ከደማ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ጫን በሉት። የራስ ቆዳ ብዙ ይደማል፣ አትደንግጡ። ቅሉ የተሰበረ ከመሰላችሁ ግን ስብራቱ ላይ አትጫኑ፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዱት። ቡና አትነስንሱበት። አውቃለሁ፣ እናቶቻችን ያደርጉታል፣ ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ ቁስሉን ግን ያቆሽሸዋል፣ ሐኪሙም የሚያጥበው በመከራ ነው። አንገቱን ካመመው ወይም ከመሰላል ከወደቀ አታንቀሳቅሱት፣ ተቀመጥ ተነሣ አትበሉት፣ ራሱን ባለበት ያዙለትና የሚያግዝ ሰው ጥሩ። አረቄ የሚሰጥም አይቻለሁ፣ በጭራሽ። የምግብም የመጠጥም ነገር አትስጡት፣ ምናልባት ቀዶ ሕክምና ይገባል።

እግር ላይ የወደቀውንም "እግር ነው" ብላችሁ አትተዉት፣ ጣት ይሰበራል። ሱቅ ውስጥ በሸበጥ የሚሠሩ ልጆች ጫማ ይገዛላቸው። ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

ንግግሩ እዚህ ላይ አለቀ። ከአዳራሹ ስወጣ አንድ ልጅ በር ላይ ጠበቀኝ። የ17 ዓመት ልጅ ነው፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ይሠራል። "እትዬ፣ የኛ የቀለም ጋሎኖች ከላይ ናቸው" አለኝ። "ለጋሼ ልነግራቸው እፈራለሁ፤ ሰነፍ ነው ይሉኛል።" አሠሪው አዳራሹ ውስጥ ነበሩ ወይ ብለው አልነበሩም አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደዚያ መደብር ሄድኩ። ስለ ልጁ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ቀለም ልገዛ ነው አልኩ፣ እውነትም ለግድግዳዬ ያስፈልገኝ ነበር። ሰውየው ወደ ላይ እያዩ ልጁን ጠሩት። "ቆይ፣ አይውጣ" አልኳቸው። "ለምን?" አሉ። የእኔን ልጅ ታሪክ ነገርኳቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ ሆስፒታሉ በር፣ እናቱን ያልኳቸውንም ጭምር። ሰውየው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ራሳቸው ቀና አሉ፣ ለረጅም ጊዜ። የላይኛው ጋሎን ግማሹ ከመደርደሪያው ጠርዝ ወጥቶ ነበር።

ኮታቸውን አውልቀው ሚዛኑ ላይ ሰቀሉት። "መሰላሉን አምጣ" አሉት ልጁን፣ "አንተ ያዝልኝ፣ እኔ እወጣለሁ።" እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሚገባውን ደንበኛ ጥቂት ቆዩ እያልኩ መለስኩ። 43 ጋሎን ነበር። ሁሉም ወለል ላይ እስኪደረደር ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፈ።